እንጦጦ ላይ የሚነሣው ዶፍ ከሰማይ ሲታይ

(በልደታ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ስለ ነጎድጓድና ስለ ሳተላይት ለመነጋገር ከልደታ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ፣ ፍርድ ቤቱና የባቡሩ ድልድይ የሞላው ይህ አካባቢ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ጄት አውሮፕላን መጥቶ የልደታ ሜዳ ሲያጥርበት ነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራው ወደ ቦሌ የተዛወረው። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በዚያን ጊዜ ከሰሜን በኩል ወደ ልደታ የሚወርድ አብራሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ እንጦጦ ላይ ምን ተቀምጧል? በሀገራችን የሜትሮሎጂ አገልግሎትም የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. በሲቪል አቪዬሽን ሥር እንደ አንድ ትንሽ ክፍል ተቋቋመ። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል።

የአብራሪው ጥያቄ ዛሬ የእኛም ጥያቄ ነው፤ አብራሪው ግን መልሱን ከማናችንም ቀድሞ ያገኛል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ዶፍ በድንገት አይወለድም። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ያድጋል፤ እድገቱም ደረጃ በደረጃ ከላይ ይታያል። ችግሩ ከላይ የታየው ነገር ወንዝ ዳር ለተኛው ሰው በጊዜ አለመድረሱ ነው።

አስቀድመን ደመናው እንዴት እንደሚያድግ እንይ። በክረምት ጠዋት አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ትወጣለች። ሌሊቱን የዘነበበት አፈር እርጥብ ነው፤ አየሩም እርጥብ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን በኩል፣ ከሌላ ወገን ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ እርጥበት ይዟል። ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ መሬቱም አየሩን። የሞቀ አየር ይነሣል፤ የእንጦጦና የወጨጫ ተራሮች ተዳፋት ደግሞ ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል። ደረቅ አየር ሽቅብ በወጣ ቁጥር በኪሎ ሜትር 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በቂ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው እንፋሎት ወደ ጠብታ ይለወጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ተራራው ጫፍ ላይ የምናያቸው ነጫጭ የጥጥ ክምር የመሰሉ ደመናዎች እነዚህ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም። አብዛኞቹ እዚያው ይበተናሉ። ጉዳዩ የሚለወጠው እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ይዞት የነበረውን ሙቀት ስለሚለቅቅ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከእንፋሎት ሲመለስ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይለቅቃል፤ ይህ አዲስ አበባ ላይ ስምንት ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሙቀቱ ደመናው ውስጥ ያለውን አየር ከውጩ አየር የበለጠ ሞቃትና ቀላል ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሽቅብ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ሲወጣ ሌላ እንፋሎት ውሃ ይሆናል፣ ሌላ ሙቀት ይለቅቃል። ደመናው ራሱን በራሱ እየመገበ ያድጋል ማለት ነው። ባለሙያዎች ኩሙሎኒምበስ የሚሉት ግዙፍ ደመና እንዲህ ይፈጠራል። አናቱ በእኛ አካባቢ ከባሕር ወለል 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ነው።

ያን ያህል ሲደርስ ሽቅብ የሚሄድበት ያጣል። ከዚያ በላይ ያለው የአየር ክፍል፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየሞቀ የሚሄድ ስለሆነ ደመናውን ይገታዋል። ስለዚህ አናቱ ወደ ጎን ይዘረጋና ጠፍጣፋ ይሆናል። በክረምት ደግሞ በዚያ ከፍታ ከእስያ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ የሚነፍስ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ አለ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ በሐምሌና በነሐሴ የትልቁ ደመና ጣሪያ ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦ አቅጣጫ የሚንሸራተተው ስለዚህ ነው። ታች ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ላይ ደመናው ወደ ምዕራብ ይሸሻል።

ስለ በረዶ ጥቂት ልቆይ። አዲስ አበቤ ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰምቶታል፤ ከሐሩር አገር የመጣ እንግዳ ግን ይደነቃል፤ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ርቆ በረዶ ምን ይሠራል? መልሱ ከፍታችን ውስጥ ነው። በእኛ ኬክሮስ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል 5 ሺህ ሜትር አቅራቢያ ነው። ጅቡቲ ላይ ከደመና የወደቀ የበረዶ ፍሬ መሬት ለመድረስ አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ሞቃት አየር ማቋረጥ አለበት፤ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ልደታ ግን ከባሕር ወለል 2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የበረዶው ፍሬ የሚያቋርጠው ሞቃት አየር ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንሹ እንኳ ሳይቀልጥ ይደርሳል። ፍሬው የሚያድገው ደግሞ ደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች ሆነው ገና ያልረጉ ጠብታዎች እየተላተሙ ሲረጉበት ነው። ሽቅብ የሚነፍሰው አየር በበረታ ቁጥር ፍሬውን አየር ላይ ያቆየዋል፣ ይበልጥም ይወፍራል። ትልቅ በረዶ ሲወርድ ካያችሁ ደመናው ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ብርቱ እንደነበር እወቁ።

መብረቁም ከዚሁ ግጭት ይወለዳል። ለስላሳ የበረዶ እንክብሎችና ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይከፋፈላሉ፤ ቀላሎቹ ቅንጣቶች አዎንታዊውን ይዘው ወደ አናት ይወጣሉ፣ ከባዶቹ አሉታዊውን ይዘው ከመሃል ይቀራሉ። ልዩነቱ አየሩ ሊችለው ከሚችለው ሲያልፍ ይፈነዳል። የመብረቁ መንገድ ለቅጽበት 30 ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ይሞቃል። ነጎድጓዱ እንግዲህ በዚያ ሙቀት ድንገት የተስፋፋው አየር ድምፅ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታውን አይታችሁ እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ማዕበሉ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ መብረቁም ሊደርስባችሁ ይችላል። ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል በየክረምቱ ሰውና ከብት የሚያስጨርስ ልማድ ነው። ቤት ውስጥ ግቡ፤ ቤት ከሌለ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዝናቡ መውረድ ሲጀምር አየሩን ይዞት ይወርዳል። የወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ዶፉ ከመድረሱ በፊት አቧራና ፌስታል የሚያነሣው፣ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ቀዝቃዛ ነፋስ እሱ ነው። ያ ነፋስ ከእንጦጦ ወርዶ ወደ መርካቶና ወደ ሜክሲኮ ሲገፋ፣ ከፊቱ ያለውን የከተማውን ሞቃት አየር ያነሣዋል። እንጦጦ ላይ ማዕበሉ ሲያልቅ እኛ ላይ አዲስ ደመና ይወለዳል። «አለፈልን» ብለን ልብስ ስናሰጣ ለሁለተኛ ጊዜ የምንበሰብሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰማዩ ዓይን እንሻገር። ከጠፈር የአየር ጠባይን የተመለከተው የመጀመሪያው የተሳካ ሳተላይት፣ የአሜሪካው ታይሮስ አንድ፣ የመጠቀው በ1952 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። አፍሪካን ያለማቋረጥ ማየት የተጀመረው ግን አውሮፓውያን ሜቴዎሳትን በ1970 ዓ.ም. ሲያመጥቁ ነው። የሜቴዎሳት ምሥጢር ከፍታው ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35 ሺህ 786 ኪሎ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ምድርን የሚዞረው ምድር ራሷን በምትዞርበት ፍጥነት ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ በላይ እንደቆመ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ፤ «እኛስ የራሳችን ሳተላይት የለንም?» ነበረን። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. አንድ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቋል፤ ከእንጦጦ ነበር የምንከታተለው። ነገር ግን እሱ በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ምድርን የሚዞር ነበር፤ ሥራውም እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን ማየት ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነበር። ሜቴዎሳት በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ከሆነ ያኛው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛው አጥርህን ጠጋ ብሎ ከዘበኛው ይልቅ አጥርቶ ያያል፣ ሌባው ሲመጣ ግን እዚያ የለም። ለነጎድጓድ የሚያስፈልገን ዘበኛው ነው።

በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ የመጠቀው የሜቴዎሳት ሁለተኛ ትውልድ በየ15 ደቂቃው ምሥል ይልካል፤ በ12 ዓይነት ብርሃንም ያያል። ከእነዚህ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ኢንፍራሬድ ነው፤ ሙቀትን የሚያነብ ዓይን ማለት ነው። ሌሊትም ይሠራል። ቀላል ሕግ አለው፤ የደመናው አናት በቀዘቀዘ ቁጥር ከፍ ብሏል። እንበልና ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሱሉልታ በኩል ያለ ደመና አናቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ነበር። 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ከዜሮ በታች 14 ሆነ። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከዜሮ በታች 30። ትንበያ ባለሙያው እዚህ ላይ ወንበሩን ያስጠጋል፤ በ15 ደቂቃ ከ8 ዲግሪ በላይ የሚቀዘቅዝ አናት በኃይል እያደገ ያለ ደመና ነው። መሬት ላይ ግን ገና አንድ ጠብታ አልወረደም ይሆናል። ሰዓቱ 8 ሲሆን አናቱ ከዜሮ በታች 60 ደርሷል፣ መዘርጋትም ጀምሯል። ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ከሌላው የባሰ የቀዘቀዘ አንድ እብጠት ከታየ ደግሞ፣ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ጣሪያውን በስቶ ስትራቶስፌር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ከሥሩ ከባድ ዶፍ ወይም በረዶ እንዳለ ጠርጥሩ።

መከታተል የሚባለውም ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ በአንዱ ምሥል ያየውን ቀዝቃዛ ክምር ከ15 ደቂቃ በኋላ ባለው ምሥል ላይ ይፈልገዋል፤ ሁለቱ ከተደራረቡ አንድ ደመና ነው ይላል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ፣ ስንት እንደሰፋ፣ ስንት እንደቀዘቀዘ ያሰላል፣ ለቀጣዩ ሰዓትም ይገምታል።

አንድ አስገራሚ ችግር ግን አለው። ዋናው ሜቴዎሳት የቆመው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ነው፤ እኛን ከምዕራብ በአግድም ያየናል። 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የደመና አናት በአግድም ሲታይ ከእውነተኛ ቦታው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ይታያል። ልደታ ላይ የቆመ ማዕበል ምሥሉ ላይ በከተማዋ ምሥራቅ አያት ሰፈር ሊሆን ነው! ይህን ያላወቀ ሰው ለአያት ያስጠነቅቃል፣ ልደታን ይረሳል። ደግነቱ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜቴዎሳት ዘጠኝ ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ፣ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሟል። ከዚያ ሲታይ ኢትዮጵያ ከሥሩ ናት ማለት ይቻላል፤ ስሕተቱም ወደ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጥቋል። በየ10 ደቂቃው ምሥል ይሰጣል፤ ከዚህም ሌላ መብረቅን ራሱን የሚቆጥሩ አራት ካሜራዎች አሉት፣ በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ እያነሡ። የመብረቁ ብልጭታ በድንገት ሲበዛ ደመናው እየበረታ እንደሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነው።

ሳተላይት ባይኖር የማናውቀው አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ስብስብ ተነሣ። እኛ ዘንድ የተለመደ የክረምት ዝናብ ነበር። ስብስቡ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ አትላንቲክ ገባ፤ እዚያ አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን ሆነ። ሂልና ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መነሻውን እዚሁ ደጋችን ላይ አግኝተውታል። አልቤርቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ውቅያኖሱ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ በአትላንቲክ ታሪክ ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ካወደስኩ በኋላ የሳተላይትን ጉድለት ካልነገርኳችሁ አታላይ እሆናለሁ። ሳተላይት የሚያየው የደመናውን አናት ነው፤ ዝናብ የሚወርደው ከሥር ነው። በእኛ ተራሮች ላይ ደግሞ አናቱ ብዙ ሳይቀዘቅዝ፣ ብዙ ከፍ ሳይል ውሃ የሚያፈስ ደመና አለ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቹ የሳተላይት ግምቶችን ከዝናብ መለኪያዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሳተላይቶች የደጋውን ዝናብ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። መፍትሔውም ሁለቱን ማጣመር ሆነ፤ የሳተላይቱን ስፋትና የመለኪያውን እውነት። ስለዚህ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ የዝናብ መለኪያ እንዳይሰበር መጠበቅ ትልቅ ሳይንስ ነው። በሐምሌ በየቀኑ ያንኑ የመብረቅ ሥዕል ለሚያሳየው የስልካችሁ መተግበሪያ ግን ብዙ ዋጋ አትስጡት፤ በክረምት «ዛሬ ይዘንባል» ማለት ለማንም አይከብድም። የሚጠቅመው የትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው።

የዚህን ክብደት ያሳየን ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ሌሊት ከባድ ዝናብ ወረደ። ድሬዳዋ ራሷ ያን ያህል አልዘነበባትም ነበር። ውሃው በደቻቱ ሸለቆ ተጠራቅሞ ሰው በተኛበት ደረሰ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። የገደላቸው ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ነው። በዚያች ሌሊት ሜቴዎሳት በሰማይ ነበር፤ ኢንፍራሬድ ጨለማ አያግደውም።

እኛስ? ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ ቀን ጎርፍ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ከእንጦጦ አናት እስከ ልደታ በአየር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ 700 ሜትር ነው። ወንዞቻችን ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ የሚወርዱ ናቸው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 40 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ አራት ሺህ ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣውን ያህል። ድሮ ግማሹን አፈሩና ሣሩ ይውጠው ነበር። ዛሬ ላያችን ቆርቆሮ፣ ታችን አስፋልትና ሲሚንቶ ነው፤ ውሃው ያለው መንገድ ቱቦው ብቻ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ፌስታልና የውሃ ላስቲክ አለ። እስከ ቱቦው አፍ ድረስ የሚመጣ ሳተላይት የለም።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ። የወረዳ ኃላፊዎች የኢንስቲትዩቱን የአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ ወንዝ ዳር ወዳሉት ቤቶች ስልክ የሚደውል አንድ ሰው በየብሎኩ ይመድቡ፤ ሌሊትም ጭምር። እድሮች ይህን ከማንም በተሻለ ይችሉታል። በየቤታችን ፊት ያለውን ቱቦ በግንቦት እንጥረግ፣ ሐምሌን አንጠብቅ። ወንዝ ዳር የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ፣ ልደታ ላይ ፀሐይ ቢሆንም እንጦጦ ላይ ከጠቆረና ከነጎደ፣ ልጆቻችሁን ወዲያው ከወንዙ አውጡ፤ ውሃው እኛ ጋ የሚደርሰው ዝናቡ እኛ ላይ ሳይጀምር ሊሆን ይችላል።